ማሽኑ የሚነክሰው ዘፈኑ ሲጥም ነው

ቡሬ አቅራቢያ በአንድ የጥር ሠርግ ላይ፣ ዳስ ውስጥ፣ ከአንድ ማሲንቆ ተጫዋች ጎን ተቀምጬ ነበር። ፊቴ ላፕቶፕ፣ ትንሽ ኪቦርድ፣ ሲንተሳይዘርና በእግር የሚረገጥ የሉፕ ፔዳል ተደርድሯል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አራት ምት ከበሮ እቀዳለሁ፣ ፔዳሉ ይደጋግመዋል፣ በላዩ ባስ እጨምራለሁ፣ ጋሼ ደግሞ በማሲንቋቸው ይገቡበታል። ሠርገኛው እስክስታውን ሲያደምቀው ሉፑ ተንተባተበ። ምቱ ለቅጽበት ይጎተትና መልሶ ይሮጣል። ከዚያ ደህና ይሆናል። ከዚያ እንደገና።

ፍኖተ ሰላም ቤቴ ውስጥ ሁለት ሳምንት ስሞክረው አንዴም እንዲህ አላደረገም። ኬብል ቀየርኩ፣ የጄኔሬተሩን መብራት ጠረጠርኩ፣ ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁ። አልሆነም። ጋሼ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይኼ ዕቃህ የሚነክሰው ዘፈኑ ሲጥም ነው» አሉኝ።

በሥራዬ ብዙ የብልሽት ሪፖርት አንብቤያለሁ። የዚህን ያህል የጠራ አላጋጠመኝም።

ዘፈኑ የሚጥመው መቼ ነው? ጣት በጭራው ላይ ሲንሸራተት፣ ድምፁ ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው እየታሸ ሲሄድ ነው። እኔም እሳቸውን ልከተል ስል የኪቦርዱን የድምፅ ማጉበጫ አንቀሳቅሳለሁ። ቤቴ ስሞክር ግን ቀጥ ያለ ኖታ ብቻ ነበር የምመታው። ማለትም መሣሪያውን የፈተንኩት ያለ ዘፈኑ ነው።

ሚዲ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የሙዚቃ መሣሪያዎች መነጋገሪያ ቋንቋ፣ ድምፅ አይልክም፤ ትእዛዝ ነው የሚልከው፦ «ይህን ኖታ ጀምር»፣ «አቁም»። በክቡ ባለ አምስት እግር ኬብል በሰከንድ 31,250 ቢት ያልፋል፤ አንድ የኖታ ትእዛዝ አንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል። በዚያው መስመር ለእያንዳንዱ ምት 24 ጊዜ የሰዓት ምልክት ይተላለፋል። ፔዳሌ ልኩን የሚያውቀው በዚህ ምልክት ነው። ድምፅ ሳጎብጥ፣ ለስላሳ እንዲሆንልኝ ብዬ ራሴ የጻፍኩት ፕሮግራም ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ ይደረድራል፤ የሰዓቱ ምልክት ከኋላቸው ተሰልፎ ይጠብቃል። ፔዳሉም ዘፈኑ የዘገየ ይመስለዋል።

ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም፣ የእኔ ነበር። ደንቡ የሰዓት ምልክት ማንንም አቋርጦ፣ በሌላ ትእዛዝ መሐል እንኳ ገብቶ እንዲያልፍ ይፈቅዳል። እኔ ነኝ ወረፋ ያስያዝኩት። ጥቂት መስመር ኮድ አስተካከልኩና ሉፑ ዳነ።

ግን ያ ደንብ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሚዲን እንደ ድርሰት ብናነበው፣ በልቡ ያለው ሙዚቀኛ ፒያኖ ተጫዋች ነው፦ 128 የተቆጠሩ ኖታዎች፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያላቸው። መንሸራተቱ ተጨማሪ ነገር ነው። በአንድ መስመር ሁለት ድምፅ ካለ ደግሞ ማጉበጫው ሁለቱንም አብሮ ያጎብጣል። ከሁሉ በላይ፣ ሰዓት ድምፅን አቋርጦ ያልፋል። በማሲንቆ ዘንድ ተገላቢጦሽ ነው፤ ድምፁ ሰዓቱን ያስጠብቃል።

«እንግዲያው ማሽን ባህላችንን ገደለ» የሚል ይኖራል። አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1985 ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን አኮርዲዮን፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ደራርቦ የሠራውን ካሴት አድምጡ፤ በ2013 ደግሞ እንደ አዲስ ታትሟል። አንድ ሰው ራሱን በራሱ ላይ ሲደራርብ ነው የምንሰማው፤ የዛሬ የሉፕ ተጫዋች አጎት ልንለው እንችላለን። ድራም ማሽኑ ደረቅ ነው፣ ማንንም አይጠብቅም። አኮርዲዮንም እንደ ማሲንቆ አይንሸራተትም፤ ቁልፎቹ የተቆጠሩ ናቸው። ታዲያ ትዝታው ከየት መጣ? ለእኔ ከማስዋቢያዎቹ ነው፤ ወደ ዋናው ድምፅ ከመድረሱ በፊት ከሚነካካቸው ትንንሽ ኖታዎች፣ በምቱ ላይ ከመቸንከር ይልቅ ምቱን ከማስታከኩ። ማሽኑ እንዲለሰልስ አልጠየቀም። የማሽኑን ድርቀት እንደ ግድግዳ ተጠቅሞ ተደግፎበታል።

በየሠርጉ የምንሰማው የኪቦርድ ሙዚቃ ላይ ያለኝ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ችግሩ ኪቦርድ መሆኑ አይደለም። ተዘጋጅቶ የመጣውን ምት ከፍተን፣ «ማሲንቆ» የሚል ድምፅ መርጠን ቀጥ አድርገን እንመታለን። አይንተባተብም፣ ምክንያቱም የሚያንተባትበው ነገር ውስጡ የለም። እኔም ቤቴ ሁለት ሳምንት ያለ እንከን የሠራልኝ ለዚሁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከጋሼ ጋር ሌላ ሠርግ ላይ ተገናኘን። ሉፑ አልነከሰም። ግን ሙሽራውን ሊያወድሱ ግጥሙን ሲጀምሩ ቀስታቸውን ያዝ አደረጉ፤ ሕዝቡ የመጨረሻዋን ቃል እየጠበቀ ነው። የእኔ ከበሮ ግን ቀጠለ፣ ትክክል፣ በልኩ። ይህንን የሚያስተካክል ኮድ የለኝም። ፔዳሉን ረግጬ አስቆምኩት፣ ቃሏ እስክትወጣ።