የወተት ጥርስና የወላጅ ፊርማ

እኛ የወተት ጥርሳችን ሲወልቅ ጣሪያ ላይ ወርውረን፣ በምትኩ ጠንካራ ጥርስ ተመኝተን ወደ ጨዋታችን ነበር የምንሮጠው። አሜሪካ ውስጥ ግን ጥርሳቸው ላቦራቶሪ የገባ ልጆች አሉ። ምራቅም፣ ፀጉርም፣ ደምም ተጨምሮበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤቢሲዲ በሚባለው ጥናት፣ እ.ኤ.አ ከ2016 እስከ 2018 ከ11 ሺህ 800 በላይ የ9 እና የ10 ዓመት ልጆች በ21 ማዕከላት ተመዘገቡ። ወጪውን የቻለው መንግሥታቸው ነው። ድባቴው፣ ጭንቀቱ፣ የሱሱ ጣጣ ከየት እንደሚነሳ ለማወቅ ልጆቹን ለዓመታት መከታተል ተያዘ። በየሁለት ዓመቱ አንጎላቸው በኤምአርአይ ይታያል። ከምራቁ ዘረመሉ፣ ከፀጉሩ የአደንዛዥ ዕፅ ርዝራዥ ይፈለጋል፤ ጥርስማ ልጁ በእናቱ ሆድ ሳለ የደረሰበትን እርሳስ ሳይቀር ያሳብቃል።

ጥናቱ ለምን ተደረገ አልልም። ከአእምሮ ሕመሞች ብዙዎቹ የሚጀምሩት በጉርምስና ነው፤ ቀድሞ ማወቅ ቢቻል ማን ይጠላል? የአእምሮ ሕመምተኛ በሰንሰለት ሲታሰር ባየንበት አገር ቁጭ ብዬ ሳይንስን ብራገም ትዝብት ነው። የኔ ጭቅጭቅ ከፊርማው ጋር ነው።

የ9 ዓመት ልጅ “እሺ” ይላል፤ የሚፈርመው ወላጁ ነው። ልጁ እሺ ያለው ቱቦ ውስጥ ለመትፋት ነው (“ትፋ” መባል ለልጅ ምን የመሰለ ደስታ ነው!)። ዘረመሉ ግን አብሮት የሚያረጅ፣ የወንድም የእህቱም፣ ገና ያልተወለደ ልጁም ጭምር ነው። 18 ሲሞላው “በቃኝ” ማለት መብቱ ነው። ይሁንና እስከዚያው መረጃው፣ ስሙ ተሰርዞ፣ ለስንቱ ተመራማሪ ተዳርሷል። የተፉትን መልሶ መላስ የለም።

ስጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። አሪዞና ውስጥ፣ በግራንድ ካንየን የሚኖሩት ሃቫሱፓይ የተባሉ ነባር ሕዝቦች፣ እ.ኤ.አ ከ1990 ጀምሮ ለአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደም ሰጥተው ነበር። የሰጡት ስኳር በሽታ ስለፈጃቸው ነው። ደማቸው ግን ለስኪዞፍሬኒያ፣ ለዘመዳም ጋብቻ፣ “አያቶቻቸው ከየት መጡ” ለሚልም ጥናት ዋለ። የፈረሙት ወረቀት ላይ ሰፊ ሐረግ ነበረበት! ተካሰው እ.ኤ.አ በ2010 ዩኒቨርሲቲው ለ41 ሰዎች 700 ሺህ ዶላር ሊከፍልና የተረፈውን ደም ሊመልስ ተስማማ። እነዚህ እንግዲህ አዋቂዎች ናቸው።

እኛም ዘንድ ምራቅ ተሰብስቧል። ኒውሮጋፕ የተባለው የስኪዞፍሬኒያና የባይፖላር ጥናት ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ደቡብ አፍሪካን ያካተተ ነበር። የተወሰደው 18 ዓመት ከሞላቸው ነው። ከመፈረማቸው በፊት ነገሩ ገብቷቸው እንደሆነ ይጠየቁ ነበር፤ ላልገባው እንደገና ይብራራለታል። ይህ የሚመሰገን ነው፤ ለስንቱ ወረቀት ሳናነብ የምንፈርም ሰዎች ነን’ኮ።

ነገ ተራው የልጆቻችን ሲሆንስ? “ባዮሎጂያዊ ናሙናዎ ለወደፊት ምርምር ሊውል ይችላል” የሚል አማርኛ ለየትኛዋ እናት ነው የሚገባው? “የልጅሽ ምራቅ ባሕር ማዶ ይሄዳል፣ እዚያ ለዓመታት ይቀመጣል፣ የማታውቂያቸው ሰዎች ያዩታል” ተብሎ ይነገራት። ልጁ 18 ሲሞላው ደግሞ “እናትህ ያኔ የፈረመችልህ ነገር አለ፤ አንተስ ምን ትላለህ?” ብሎ የሚደውልለት ማን እንደሆነ እዚያው ቅጹ ላይ ይጻፍልን። ከነስልክ ቁጥሩ።