ከዳር ያሉት ሜዳዎች

በአሜሪካ የኮሌጅ ሴቶች ቴኒስ ስድስት የነጠላ ጨዋታዎች አብዛኛውን ጊዜ ጎን ለጎን ይካሄዳሉ። ዋናው አሰልጣኝ ሁሉም ጋ መድረስ አይችልም። ተመልካቹ በሚሳሳበት በዳሩ ሜዳ፣ ተጫዋቿ ለእረፍት ስትቀመጥ ጠጋ ብሎ የሚመክራት ብዙውን ጊዜ ረዳቱ ነው። ምክሩ ደግሞ ዋጋ አለው፤ የስድስተኛዋ ተጫዋች ድል እንደ አንደኛዋ ሁሉ አንድ ነጥብ ያስገኛል። አራት ነጥብ ቀድሞ የሞላ ቡድን ያሸንፋል።

ምልመላው፣ ልምምዱ፣ ጉዞው ሁሉ የረዳቱ እጅ አለበት። ዋንጫው ግን በዋናው ስም ይመዘገባል፤ ፍትሐዊ ነው ለማለት ይከብዳል።

ሌሌ ፎሩድ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን በዋናው አሰልጣኝ በፍራንክ ብሬናን ሥር ከአሥር ዓመት በላይ በረዳትነት ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ቦታውን ተረከቡ።

በማግስቱ ዓመት ቡድናቸው የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ፤ እስከ 2019 ድረስ የዋንጫዎቻቸው ቁጥር አሥር ደረሰ። ከሁሉ የሚገርመው የ2016ቱ ነው። በደረጃ 15ኛ ሆኖ ውድድሩን የጀመረው ስታንፎርድ፣ በፍጻሜው ኦክላሆማ ስቴትን 4 ለ 3 ረታ።