ልምላሜ ማስረጃ አይደለም

ቅጠልና ግንዳቸው ውኃ የሚቋጥሩ ተክሎችን ቤቱ ውስጥ ከቁራጭ ያባዛ ሰው ሥራውን ሲያሳየን፣ አብዛኞቻችን የምናደንቀው ልምላሜውን ነው። የምንታለለውም እዚሁ ላይ ነው። ከተክሉ የተገነጠለ የእሬት ቅጠል በቋጠረው ውኃ ብቻ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ቢተክሉት ግን ይበሰብሳል እንጂ አይጸድቅም፤ እሬት የሚባዛው ከግርጌው በሚያወጣቸው ልጆች ነውና። ኤቼቬሪያ የምትባለው ተክል የተገላቢጦሽ ናት። አሮጌው ቅጠል ተጨማዶ፣ ቀልቶና ሳስቶ፣ በተገነጠለበት ጫፍ ላይ ምስር የምታክል ቡቃያ ከክር ከቀጠኑ ሥሮች ጋር ብቅ ስትል ላላወቀ ሰው ቅጠሉ የሞተ ይመስላል። እኔ ግን የበለጠ የምተማመነው በዚህኛው ነው፤ ቅጠሉ ያጠራቀመውን ለልጁ እያስረከበ ነው። ቡቃያው የሚወጣው ቅጠሉ ከግንዱ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ስለሆነ፣ ሲገነጠል ያ ጫፍ ግንዱ ላይ ከቀረ ቅጠሉ ሥር ቢሰድ እንኳ ተክል ሳይሆን ይቀራል። ስለዚህ ከመልኩ በፊት ግርጌውን ገልብጦ ማየት ይገባል።

ቀጥሎ የሚታየው ቁስሉ ነው። በደንብ የተያዘ ቁራጭ ከመተከሉ በፊት ጥላ ሥር ሰንብቶ፣ የተቆረጠበት ቦታ ደርቆ ቆዳ አበጅቷል፤ ለቀጭን ቅጠል ጥቂት ቀን ይበቃዋል፣ ለወፍራም የቁልቋል ግንድ ግን ሁለት ሳምንትም ላይበዛ ይችላል። ቡናማ ሆኖ ሲነኩት የሚሟሽሽ ከሆነ ውኃው ቀድሞታል። «ቅንጭብ እኮ ቆርጠው አጥር ላይ ሲሰኩት ያለ ምንም እንክብካቤ ይጸድቃል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የሚሰካው ግን ውኃ በማይቋጥር መሬት፣ ፀሐይና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ነው፤ ቁስሉን የሚያደርቅለት አጥሩ ራሱ ነው። ቀዳዳ የሌለው የመትከያ ዕቃ ይህን አያደርግለትም። ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሥር ያወጣ ቁራጭ መኖሩንም አልክድም፤ ነገር ግን ውኃ ውስጥ የበቀለ ሥር በቀላሉ ይሰበራል፣ አፈር ለመልመድም ይቸገራል፤ ፍርዱ አፈር ውስጥ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ቢቆይ ይሻላል።

ሳንሴቪየሪያ ከሚባለው ተክል ዳሩ ቢጫ የሆነው ዓይነት ግን ለብቻው ይታያል። ቅጠሉ ተቆራርጦ ሲተከል ሥር ይሰዳል፣ ልጅም ይወልዳል፤ ልጁ ግን ቢጫውን ጥሎ አረንጓዴ ብቻ ሆኖ ይወጣል። ቢጫውን ለማቆየት ከሥሩ ከፍሎ መትከል ግድ ነው፤ ስለዚህ ከነቢጫ ዳሩ የተከፈለ ተክል ካየሁ፣ ያባዛው ሰው የያዘውን ተክል ጠባይ አውቆ እንደሠራ እቆጥርለታለሁ።