የኪራይ ጣሪያ ቤት ይሠራል?

እኔም ተከራይ ነኝ። ስለዚህ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሲወጣ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው፤ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል ከሚወስነው ጣሪያ አያልፍም። «ከሚቀጥለው ወር ሁለት ሺህ ጨምር፣ ካልሆነ ልቀቅ» ተብሎ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ተብያለሁ።

ግን እስኪ አብረን እናስብ፤ ይህ አዋጅ ስንት አዲስ ቤት ያስገኛል?

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። ሮቶው ባዶ ሲሆን የጀሪካን ዋጋ መወሰን ከብዝበዛ ያድናችኋል፤ ሮቶውን ግን አይሞላም። ለመሙላት ዋናው መስመር መከፈት አለበት። የከተማ ቤት ዋናው መስመር ደግሞ መሬት ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የከተማ ቦታ በሊዝ የሚሰጠው በጨረታ ወይም በምደባ ነው፤ ሁለቱም በመንግሥት እጅ ናቸው። ለጨረታ የሚቀርበው ቦታ ከፈላጊው ጋር ካልተመጣጠነ ዋጋው ይሰቀላል። ያኔ ደመወዝተኛው መሥራት ይተውና ተመልሶ የተከራዩን ሰልፍ ያስረዝማል።

ታሪካችንም ያስጠነቅቃል። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ወርሶ ኪራይ ቀነሰ። ተከራዩ እፎይ አለ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ግን ለዓመታት ባለበት ቆሞ፣ ያፈሰሰ ቆርቆሮ ለማስቀየር እንኳን የማይበቃ ሆነ፤ ቤቶቹም በላያችን አረጁ። የአሁኑ አዋጅ እንደዚያ አይደለም፤ ቤት አይወርስም፣ በዓመት አንዴ ጭማሪ ሊፈቅድም ይችላል። ቢሆንም ጣሪያው ከኑሮ ውድነቱ በጣም ዝቅ ካለ፣ አከራይ ጥገናውን ሊተው ወይም ሰርቪስ ቤቱን ከነጭራሹ ላያከራይ ይችላል። ያው ጉዳቱ ለእኛው ነው።

አዋጁ ይሻር እያልኩ አይደለም። የኔ ጥያቄ አጭር ነው፦ በየዓመቱ የኪራይ ጣሪያው ሲነገረን፣ በዚያው ዓመት ስንት ቦታ ለቤት መሥሪያ እንደቀረበና ስንት ቤት ተሠርቶ እንዳለቀም አብሮ ይነገረን። አንዱን ቁጥር ብቻ ይዞ ሥርዓቱ መሥራት አለመሥራቱን ማወቅ አይቻልም።

አዋጁ ለሁለት ዓመት ፋታ ሰጥቶናል። በሁለቱ ዓመት ውስጥ ቤት ካልተሠራበት ግን፣ ውሉ ሲያልቅ እኔም እናንተም እዚያው በር ላይ እንገናኛለን።