ስለ ዘማቾቻችን መጻሕፍትና ስለ ጠብመንጃቸው

በአፍንጮ በር በኩል የሚያልፍ ሰው ለኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ከቆመው ሐውልት አጠገብ ጥቂት ቆም ቢል፣ ከ1943 እስከ 1945 ዓ.ም. በተደረገው ዘመቻ ከ120 የሚበልጡ ወታደሮቻችን በሩቅ አገር እንደ ወደቁ፣ ከቃኘው ሻለቆችም አንድ ሰው ስንኳ ለጠላት እንዳልተማረከ ያስታውሳል። ይህን ስንሰማ ያደግን ስለ ሆነ እንደ ዳዊት በቃላችን ይዘነዋል። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች በእጃቸው ስለ ያዙት ጠብመንጃ፣ ይተኵስላቸው ወይስ ይከሽፍባቸው እንደ ነበረ የጻፈልን ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ጉድለት ነው።

በርግጥ ፉከራችንና ቀረርቷችን ጠብመንጃን ለማመስገን ንፉግ አይደሉም። የእንግሊዙ ስናይደር ሰናድር፣ የፈረንሳዩ ፉዚል ግራ ውጅግራ፣ ማንሊኸር ምንሽር፣ ለበል ለበን፣ አልቢኒ አልቤን እየተባለ የባዕድ ስም በአባቶቻችን አፍ ተገርቶ እንደ ፈረስ ስም ሆኗል። ሆኖም ፉካሪው ከሚናገረው ይልቅ የሚያልፈው ይበዛል። የ1874 (እ.ኤ.አ.) ሥሪት የሆነው ውጅግራ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ ባሩዱም ጥቁር ስለ ሆነ ጢሱ የተኳሹን ስፍራ ለጠላት የሚያሳብቅ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ጦር ውስጥ ልዩ ልዩ ሥሪት ያላቸው ጠብመንጃዎች ተሰልፈው ስለ ነበር፣ የለበን ጥይት ለቤልጅግ፣ የቤልጅግም ጥይት ለምንሽር አይሆንም። ዝናሩ የሞላ ሰው ዝናሩ ባዶ ከሆነው ወንድሙ ጎን ተኝቶ ምንም ሊያካፍለው አይችልም ማለት ነው። ይህን የመሰለ ጭንቅ ለግጥምም ሆነ ለታሪክ የሚበቃ ነገር ሆኖ ሳለ በፉከራው ውስጥ ብንፈልገው አናገኘውም።

ቋንቋችን ግን ከፉካሪው ይልቅ እውነተኛ ነው። አልተኵስ ያለውን ጠብመንጃም ያልተሳካውንም አሳብ በአንድ ቃል «ከሸፈ» እንላለን። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ2005 ዓ.ም. ለታተመው መጽሐፋቸው «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ» የሚል ስም ሲሰጡ፣ ብዙዎች ስለ ታሪኩ ተከራከሩ እንጂ ቃታ ስቦ ዝም ያለበትን ወታደር ያሰበ መኖሩን እንጠራጠራለን።

ወደ ኮሪያው ዘመቻ እንመለስና፣ ስለ ቃኘው ከጻፉት የውጭ አገር ሰዎች ስሙ የታወቀው አሜሪካዊው ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል ነው። ይህ ሰው ወታደሩን ከውጊያ እንደ ተመለሰ ሰብስቦ የመጠየቅ ልማድ ነበረው። በ1951 (እ.ኤ.አ.) ስለ እግረኛ ጦርና ስለ መሣሪያው ባወጣው ጥናት፣ በኮሪያ ክረምት ኤም ዋን የተባለውን ጠብመንጃ ሲያመሰግን፣ ቀላሉን ካርባይን ግን በብርድ የሚለግም መሆኑን ወታደሮቹ ራሳቸው እንደ መሰከሩበት ጽፏል። መጠየቁን እናደንቃለን። ቍጥሩን ግን በጥንቃቄ እንቀበላለን፤ ምክንያቱም በ1947 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፉ ከወታደሮች የሚተኵሱት ከሩብ አይበልጡም ያለው ነገር ከ1988 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሌሎች መርማሪዎች ዘንድ ማስረጃ የጎደለው ሆኖ ተገኝቷል።

ይኸው ጸሐፊ በ1956 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው «ፖርክ ቾፕ ሂል» በተባለው መጽሐፉ፣ ወታደሮቻችን በሌሊት ስላደረጉት ቅኝት አንድ ምዕራፍ ሰጥቶ «ለማመን የሚያስቸግር ቅኝት» ሲል ሰይሞታል። ምስጋናው ደስ ያሰኛል፤ እኛም ደስ ብሎን አንብበነዋል። ይሁን እንጂ ቅር የሚያሰኘን ነገር ከስያሜው ይጀምራል። ለማመን ያስቸግራል የተባለን ሰው «እንዴት አደረግኸው?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። የእጅ ባለሙያን ሥራውን አይተው ተአምር ነው ቢሉት፣ የተማረበትን ዘመንና የደከመበትን ሌሊት ነጠቁት ማለት ነው። ቃኘዎች ቡሳን እንደ ደረሱ የአሜሪካ መሣሪያ ተሰጥቷቸው፣ ያልለመዱትን ጠብመንጃ እየፈቱና እየገጠሙ እንደ አዲስ ሠልጥነዋል። ተአምር ከተባለው ሌሊት በፊት ይህ ሁሉ ቀን ነበረ።

ስለ መሣሪያ ማውራት የጀግናውን ክብር ይቀንሳል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ከቶ የማይከሽፍ ጠብመንጃ የያዘና ሊከሽፍ እንደሚችል እያወቀ ከምሽጉ የማይነቃነቅ ሰው በድፍረታቸው እኩል አይሆኑም፤ ልዩነቱን ካልጻፍነው ደግሞ የሁለተኛውን ድፍረት ከየት እናውቀዋለን? ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ። ጠብመንጃ ሁልጊዜ ይተኵሳል ካልን፣ ሳይተኵስ የሞተውን ሰው ፈሪ ማለታችን ነው፤ እርሱም ቆሞ አይመልስልንም።

ከአፍንጮ በር ሰፈራችን አንድ ዕድሜያቸው ከዘጠና ያለፈ የኮሪያ ዘማች አባት አሉ። ጋዜጠኞች በየጊዜው እየመጡ ስለ ብርዱና ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ስንብት ይጠይቋቸዋል። እኛ ስለ ጠብመንጃው በጠየቅናቸው ጊዜ መልሱ ከአፋቸው በፊት ከእጃቸው መጣ። የቀኝ እጃቸውን ጠርዝ በማይታየው መዝጊያ እጀታ ላይ አስደግፈው፣ በአውራ ጣታቸው 8 ጥይት የያዘውን ብረት ወደ ታች ገፉና ጣታቸውን ፈጥነው አነሡ። እጃቸውን ለምን በጠርዙ እንዳስደገፉት ብንጠይቃቸው፣ እጀታውን ያልያዘ ሰው መዝጊያው በድንገት ተመልሶ አውራ ጣቱን እንደሚነክሰው፣ ይህም በሥልጠናው ወራት በብዙዎች ላይ እንደ ደረሰ ነገሩን።

ከሽፎባቸው ያውቅ እንደ ሆነ ጠየቅን። በክረምት ዘይቱ በብርድ እየረጋ መዝጊያውን ስለሚያዘገየው፣ ማታ ማታ ዘይቱን በጨርቅ ወልውለው ለምልክት ያህል ብቻ እንደሚተዉለት፣ ካርባይን የያዙት ጓደኞቻቸው ግን ቢወለውሉትም እንዳልታዘዛቸው አጫወቱን። ከዚያም ዝም አሉና፣ ይህን እስከ ዛሬ የጠየቃቸው ሰው እንደሌለ ተናገሩ። ቡናው ሁለተኛ ሲቀርብ ስለ መትረየሱ ጀመሩልን።