የሚላጥ ጥቁር

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ሁለት ጣሳ ይዞ ከች አለ። ጣሳው ውስጥ ያለው ቀለም አይደለም፤ ጎማ ነው። እንደ ሽቶ ተረጭቶ ይደርቃል፤ ሲሰለች ደግሞ እንደ ሙዝ ልጣጭ ይነሳል አሉ። «ጋሼ፣ ዲኤክሷን ዛሬ አዘንጣታለሁ!» አለኝ። እኔም «ምን ይጎዳል፣ ይላጥ የለም ወይ?» ብዬ ፈቀድኩ።

እናላችሁ፣ የፊቱ ፍርግርግ፣ ቸርኬው፣ በመስኮቶቹ ዙሪያ የነበረው ኒኬል፣ የነዳጁ ክዳን ሳይቀር በግማሽ ቀን ከል ለበሱ። ስንት ዓመት አብራኝ የኖረች መኪና በር ላይ ቆማ ስትታይ ለቅሶ ልትደርስ የወጣች ባልቴት መሰለችኝ። ጎረቤት «አማረባት» አለ። ጎረቤት መቼም እንዲህ ነው።

ነገሩ ሲጀመር ለመኪና የታሰበ አልነበረም። ፕላስቲ ዲፕ የሚባለው የአሜሪካኖቹ ምርት የተሠራው ለፒንሳና ለመሳሰሉት መሣሪያዎች እጀታ ነው። ፒንሳውን ነከር አድርጎ ማድረቅ፣ አለቀ። የመኪና ፍቅር ያለባቸው ሰዎች ናቸው በኋላ ወደ ቸርኬና ወደ አርማ የወሰዱት። ለእነሱ አገር ሐሳቡ ልክ ነው። ብዙው ሰው መኪናውን ጥቂት ዓመት ይነዳና ይለውጣል፤ ሊሸጥ ሲል ልጦ የፋብሪካውን መልክ ይመልሳል።

እኛ ጋ መኪና ውርስ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ከዚያ ወዲያ የእኔዋ ዓይነት አሮጊት ዕድሜዋ በገፋ ቁጥር ዋጋዋ ሽቅብ ሆኗል። እንዲህ ያለ ንብረት ላይ «ለጊዜው» የሚባል ጌጥ ምን ይሠራል?

ደግሞስ «የሚነሳ» የሚለው ቃል አራዳ ውስጥ ሌላ ትርጉም እንዳለው ልጁ ረስቶታል። ከመኪና ላይ የሚነሳ ነገር ሁሉ ይነሳል፤ የሚያነሳው ግን ባለቤቱ አይደለም። ማታ የተነቀለ ስፖኪዮውን ጠዋት ሶማሌ ተራ ሄዶ የራሱን መልሶ ገዛ የተባለለትን ሰው ቀልድ ያልሰማ የለም። ለዚህ ነው መስታወታችን ላይ የታርጋ ቁጥር የምናስቀርጸው፣ አርማችንን በብሎን የምንቸነክረው። የእኛ የመኪና ማስጌጥ ጥበብ እንዳይነቀል የማድረግ ጥበብ ነበር። ውበቱን ለሌላ ጊዜ ትተነው።

ቃላቱስ ቢሆኑ? ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ቸርኬ፣ ኮፈን፣ ላሜራ፣ ስቱኮ። ሁሉም የጣሊያን ልጆች ናቸው፤ ልክ እንደ ፒያሳ። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ በ1933 ሄደ፤ ቃሉ ግን ተለጥፎ ቀረ። እስካሁን የላጠው የለም።

ወደ ዋናው ሂሴ ልግባ። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ጊዮርጊስ በእግሬ ስወጣ መኪኖቹን እያየሁ ነበር። በራፕም በሉት በስቲከር፣ በተረጨ ጎማም በሉት በተቀባ ቀለም፣ «የራሴን መልክ ልስጣት» ያለው ሁሉ ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ ኒኬሉን አጥቁሯል። ልዩ ለመሆን የወጣ ሰው ሁሉ አንድ ሆኖ ተመለሰ።

አሁን ባለ ላዳዎቹን አስቡ። ሰማያዊና ነጭ የታዘዘ ነው፤ ከዚያ ውጪ ቀለም መምረጥ የለም። ያ የተከለከለ ሰው ምን አደረገ? ዳሽቦርዱን ፀጉራም ጨርቅ አለበሰው፤ የፕላስቲክ አበባ ተከለ፤ የቅዱሳን ሥዕል ሰቀለ። የሚኒባሱ ደግሞ ጥቅስ ለጠፈ፤ በር በቀስታ ዝጉ ከሚለው ጀምሮ ስለ ሴት፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ዝርዝር ሳንቲም እስከሚፈላሰፈው። ላዳ ከላዳ የሚለየው በውስጡ ነው፤ ዓይንህን ጨፍነህ ብትገባ እንኳ የማን እንደሆነ በሽታው ታውቀዋለህ። ሳይመርጥ የተሰጠውን ቀለም ይዞ የራሱ አደረገው። ቀለም የመምረጥ ነፃነት ያለን እኛ ነን ጥቁር ላይ የተሰለፍነው።

ሌላም አለ። መኪና የሚገዛ ሰው ላሜራውን በጣቱ ቋ ቋ አድርጎ ነው ስቱኮውን የሚያውቀው። ጎማ ሲለብስ ድምፁም ይደፈናል፣ ዝገቱም ይሸፈናል። ደላላ እጅ ሲገባ ጌጡ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ይህንን ሁሉ ለልጁ ቡና እየጠጣን ነገርኩት። ሰማኝ፣ ሰማኝና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቢያንስ ይመለሳል» አለኝ።

ዝም አልኩ። ልጁ የተወለደው ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ዕቃ አስጭነው ወደ ከተማው ጠርዝ ሲሄዱ አብሬ ነበርኩ። እኔ እንኳ ዛሬ እዚያ ስደርስ በራቸው የት ጋ እንደነበረ ለማወቅ ጊዮርጊስን አይቼ ነው አቅጣጫ የምይዘው። መንገዱ አምሯል፣ መብራቱ አምሯል፣ አልክድም። ከሥሩ የነበረውን ግን ልጠህ አታገኘውም። እንግዲህ እንዲህ ያየ ልጅ «የሚመለስ ለውጥ» የሚባል ነገር ጣሳ ውስጥ ቢያገኝ ቢወደው ምን ይፈረድበታል? እኔ የፋሽን ጉዳይ መስሎኝ ስሰብክ የዋልኩት ለካ ሌላ ነገር ነበር።

ሂሴን ግን አላነሳሁም። የማይነሳው ደግሞ ሂሴ ብቻ አይደለም።

በሦስተኛው ሳምንት ቤንዚን ስቀዳ ጠብ ያለው የነዳጁን ክዳን አበላሸው፤ ያ ጎማ ቤንዚን አይችልም። «በል አሁን ላጠው» አልኩ። ልጁ በጥፍሩ ጫረ፣ ቧጠጠ፤ እንደ ሙዝ ልጣጭ የተባለው እንደ ቆዳ ቅርፊት እየተቆራረጠ ቀረ። ምክንያቱን አጣርቶ መጣ። በአንድ ልክ ለመነሳት ቢያንስ አራት አምስት ጊዜ ደርቦ መረጨት ነበረበት። እሱ ደግሞ ጣሳው ውድ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ብቻ ሳሳ አድርጎ አዳረሰው። የሳሳ ነገር አይላጥም።

መፍትሔውስ? በላዩ ላይ እንደገና መርጨት ነው። ለማንሳት መጀመሪያ መጨመር፣ ወፍራም ሲሆን በአንድ ላይ መግፈፍ። አሁን ከዱባይ የሚመጣ ሰው እየጠበቅን ነው፤ ሦስት ጣሳ ብለነዋል። ዲኤክሷ እስከዚያው ግማሽ ኒኬል ግማሽ ከል ሆና በር ላይ ቆማለች። ጎረቤት አሁንም «አማረባት» ይላል።