ከበሮው ተተካ፤ ሲምባሉስ?

ስለ ሙዚቃ ቀረጻ ሲነሣ ዘፋኙ ይመሰገናል ወይም ይተቻል፤ ግጥሙና ዜማውም እንዲሁ። ድራሙ እንዴት ተቀረጸ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ አንድ ቀረጻ ነፍስ ያለው መሆን አለመሆኑን የምለየው ከዚያ፣ በተለይም ከሲምባሉ ነው።

ከከበሮው ቆዳ ላይ ትሪገር የሚባል ትንሽ መሣሪያ ይገጠማል። ድራመሩ በመታ ቁጥር ንዝረቱ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለወጥና አስቀድሞ የተቀዳ ድምፅ ያስነሣል። ቀረጻው ካለቀ በኋላም ምቱን አንድ በአንድ እየለቀሙ መተካት ይቻላል። ክፍሉ ለቀረጻ የማይመች ሲሆን፣ ወይም በፈጣን ሮክ የእግር ከበሮው በጊታር ሲዋጥ፣ ዘዴው እንደሚጠቅም አልክድም።

ሲምባል ላይ ሲደርስ ግን ይሰናከላል። የከበሮ ምት ወዲያው ይሞታል፤ ሲምባል ለብዙ ሴኮንዶች እየተለዋወጠ ይዘልቃል። ጫፉና እምብርቱ ድምፃቸው ለየቅል ነው፤ ገና እየተንቀጠቀጠ ሳለ ሲመታ ደግሞ ሌላ ነው። ሮጀር ሊን እ.ኤ.አ. በ1980 የእውነተኛ ከበሮ ድምፅ በዲጂታል የያዘውን ኤልኤም-1 የተባለ ድራም ማሽን ለገበያ ሲያቀርብ፣ ትልልቆቹ ሲምባሎች አልነበሩበትም። ረጅም ድምፅ የሚይዘው ሜሞሪ በጣም ውድ ነበርና። ዛሬ ሜሞሪ ረክሷል። ሆኖም ከበሮውን ተክተው ሲምባሉን በማይክሮፎን የሚቀርጹ ብዙዎች ናቸው። እዚህ ላይ ጣጣ አለ፦ የሲምባሉ ማይክሮፎን የተባረረውንም ከበሮ ይሰማል! እውነተኛውና ተተኪው እኩል ካልወደቁ ጆሯችን አንዱን ምት ሁለት አድርጎ ይሰማዋል።

ማሽን ይጥፋ አላልኩም። ኃይሉ መርጊያን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1977 ከዋልያስ ባንድ ጋር በሠራው «ቼ በለው» በተባለው ሸክላ ላይ ድራመሩ ከኦርጋኑ ጋር ይተነፍሳል። በ1985 ደግሞ በዋሽንግተን አኮርዲዮን፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ሮድስ ፒያኖና ድራም ማሽን ይዞ ብቻውን ካሴት ሠራ። ማሽኑ በዚያ ካሴት ማሽንነቱን አይደብቅም፤ ቀጥ ብሎ ይጓዛል፣ አኮርዲዮኑ በላዩ እንደ ልቡ ይንሳፈፋል። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ።

የምቃወመው ሦስተኛውን ነው፦ ድራመር ጠርቶ፣ አስመትቶ፣ ምቱን ሁሉ በአንድ ኃይልና በአንድ ድምፅ መድፈን። ይህ ችክችካን ይገድለዋል። ትከሻ የሚያንቀጠቅጠው ጠንካራው ምት ብቻ አይደለም፤ በመካከል ሾልከው የሚገቡት ለስላሶቹ ጭምር ናቸው። እንዲህ ያለውን ቀረጻ ስሰማ ከበሮው እንደ ወታደር ሰልፍ ይረግጣል፤ ከበላዩ ሲምባሉ ብቻውን ሰው ሆኖ ቀርቷል።

ገንዘብ ያጠረው ስቱዲዮ ምን ያድርግ? የእግር ከበሮውን ለማሽን ይስጥ፤ ግድ የለም። ለስኔሩ፣ ለሃይሃቱና ለሲምባሉ ግን ሰው ይቀመጥ፤ የመታውም እንደመታው ይቅር።